ዘንቢሌ የተሰለፈበት ፌርማታ

እኛ አገር ጭሮ፣ ቦኖ ውሃ ላይ ሰው አይሰለፍም፤ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። ጀሪካንሽን አስቀምጠሽ ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላሽ ያለችው ያንቺንም በእግሯ ገፋ ታደርግልሻለች። ዳበሬ እንለዋለን፣ ተራ ማለት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብረዋል፤ የሰው ዳበሬ የነጠቀ ለቅሶ እንደቀረ ሰው ይታማል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝና ሕግ የማውቀው ከዚያ ቦኖ ነው።

አምና የግራ ዓይኔን ሞራ ለማስነሳት አዲስ አበባ ሄድኩ። ቀጠሮውን ለማግኘት ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ መጨረሻ ይሆናል፣ ቀኑ ካልበቃ ደግሞ እንደገና ቀጠሮ ነው። እዚያ የምትኖረው ልጄ በታክሲ አንደርስም፣ በባቡር እንሂድ አለች።

እኔ የማውቀው ባቡር በልጅነቴ ቦርደዴ ጣቢያ ያየሁትን ነው። ያኛው ፍየሉም ተጭኖ፣ ሰዉም ተሰነባብቶ እስኪጨርስ ይቆም ነበር። የከተማው ግን በሩን ከፍቶ ነጠላሽን ሳትሰበስቢ ይዘጋዋል።

ፌርማታው ላይ የትኬቱ ሰልፍ ረጅም ነበር። ልጄ ውሃ ልትገዛልኝ ሄደች። ጉልበቴ አያቆመኝምና ዘንቢሌን ሕፃን ካዘለች ሴት ኋላ አስቀምጬ ደረጃው ላይ አረፍ አልኩ። ቆይቼ ብነሳ ዘንቢሌ ግድግዳው ሥር ተጥሏል። በቦታው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቆሟል። ተራው የኔ መሆኑን ነገርኩት።

«ማዘር፣ ዘንቢል ባቡር አይሳፈርም» አለኝ። ሰልፈኛው ሳቀ።

«ከረባትም ብቻውን አይሳፈርም። ከረባቱን ይዘህ አንተ መጥተሃል፤ ዘንቢሉን ይዤ እኔ መጥቻለሁ።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄኔ ትኬት ሻጯ አሮጊት መሆኔን አይታ ከሁሉም በፊት እንድቆርጥ ጠራችኝ። እምቢ አልኩ። ከፊቴ አምስት ሰው አለ፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች። በእኔ ላይ የተሠራውን እኔ በእነሱ ላይ ልሠራው ነው?

ልጄ ውሃውን ይዛ ስትመጣ ባቡሩ እየደረሰ ነበር። ሻጯ አሁንም እየጠራችኝ ነበርና ልጄ እጄን ይዛ ሂጂ ብላ ለመነችኝ። አልተነቃነቅኩም። ሕፃን ያዘለችው ሴት ዞር ብላ፣ «ዘንቢሉ ከኋላዬ ነበር፣ አይቻለሁ» አለች። ሰውዬው ከረባቱን እየነካካ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቦታዬ ገብቼ ቆምኩ። ባቡሩ ግን ያኔ ሄዷል።

የሚቀጥለው ዘገየ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ስሜ ተጠርቶ አልፏል። ልጄ ነርሷን ልትለምን ስትነሳ ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ቅድሚያውን ብትቀበዪ ኖሮ ደርሰን ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«ስንጠራ አልነበርንም። መጨረሻ ነን።»

እዚያ አግዳሚ ላይ ስንቱ ገብቶ ሲወጣ አየሁ። ይመሽብናል ብዬ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ሁለቴ ልነሳ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠሩኝ፣ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ ያው ፌርማታ፣ ያው ሰልፍ። ልጄ እሷው እንደምትሰለፍልኝ ነገረችኝ። አይሆንም ብዬ ዘንቢሌን ሰልፉ ውስጥ አስቀመጥኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ግራ ዓይኔ በፋሻ ታስሯል። ቀኙን ከዘንቢሌ ላይ አልነቀልኩም።