የሦስት ቤት ሰው

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ በራችንን አንኳኳች። ቤት የሌላቸውን ሰዎች የሚመለከት ጥናት መሆኑን አስረዳችኝና ስሜንና የቤተሰቤን ብዛት ከጠየቀች በኋላ፣ «ማዘር፣ ከቤተሰቡ ሌላ በዚህ ግቢ ወይም በአጥሩ ጥግ የሚያድር ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ የለም። ግን መልሱ ከአፌ የወጣው ጥያቄዋን ሳትጨርስ ስለነበር ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከሄደች በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ከበረንዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ በረንዳው ስመላለስ ልጄ «እማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለች። ምንም አልጠፋብኝም። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በሰው በር ቆሜ የጠየቅሁበት ክረምት መጥቶብኝ ነው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ውጤት መጠበቅ ምን እንደሚመስል የጠበቀ ያውቀዋል፤ እንቅልፍ አይወስድ፣ እህል አይጣፍጥ። እናቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ወሯታል» ትል ነበር። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። አባቴ ሱሩር ከቤቱ ፊት ለፊት ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ነጋዴ በጥርጣሬ በሚታይበት በዚያ ዘመን አባቴ ከቀበሌ ጥሪ በመጣ ቁጥር ሆዱን ያመው ነበር። ሲያስመስል አልነበረም፣ የእውነት ያመው ነበር።

ስለዚህ የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ታደለ እኔን ሲያስጠራኝ ከእኔ ይልቅ የደነገጠው አባቴ ነው። ጓድ ታደለ ግን በፈገግታ ተቀበለኝ። «ጓዲት ነጂማ፣ ለአገር አቀፍ ሪፖርት ቤት የሌላቸው ሰዎች መረጃ ተፈልጓል። ጽሑፍሽ የሚነበብ ነው ብለውኛል» አለ። ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ድረስ በየቤቱ እየገባሁ የሚያድረውን ሰው ሁሉ እንድጽፍ፣ ቤት የሌለውን ደግሞ ባገኘሁበት እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ቁጭ ብሎ ውጤት ከመጠበቅ የማይሻል ነገር አልነበረምና ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። ቤት አልባ ተብሎ የተጻፈ ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሰፈራ ይወሰዳል የሚል ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቶ ኖሯል። ጓድ ታደለን ስጠይቀው «ለሪፖርት ብቻ ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰው «ብቻ» የምትለዋን ቃል አያምናትም ነበር።

ነሐሴ ነው። ጠዋት ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፤ ረፋዱ ላይ ይገለጥና የባሕር ዛፉ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ከች ይላል። ጭቃው ጫማዬን እየጎተተ፣ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ በብብቴ ሸጉጬ እወጣ ነበር። መንገድ ዳር የሚጠበሰውን በቆሎ እሸት እየበላሁ እዞራለሁ፤ ያም ሆኖ ቤት የሌለው ሰው ላገኝ አልቻልኩም። ፀበል አጠገብ በሸራ ከለላ ሥር የሚኖሩት «እንግዳ ነን፣ ሱባዔያችንን ስንጨርስ እንሄዳለን» አሉኝ፤ አንዷ ለሱባዔ ብላ ጎመን ተክላለች። ከጅረቱ አጠገብ ተጥሎ የቀረ ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ጎልማሳ ደግሞ «ዘበኛ ነኝ» አለኝ።

«የምን ዘበኛ?»

«የቱቦው።»

«ማን ቀጠረዎት?»

«ማን ይቀጥረኛል? ባልጠብቀው ይወስዱታል እኮ» አለኝ፣ ምንም ሳይስቅ። እኔም ዘበኛ ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወደ ገዛ መንደሬ ተመለስኩ። በእኛ መንገድ ላይ ቤት እንደሌለው ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ ወልዴ። እንጨት ፈላጭ ነው። ጠዋት መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በየግቢው ይዞራል፤ ማታ ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ያድራል። የማንኛው ቤት ግድግዳ እንደሆነ የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ ዝናቡን ወደየት እንደሚገፋው አይቶ በማይመታው በኩል ይጠጋል። ከየቤቱም ያለው ይደርሰዋል። ቁመተ ረጅም፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ልጅ ሳለሁ እፈራው ነበር፣ በኋላ ተውኩት።

መጀመሪያ የገባሁት እትዬ ብርቄ ቤት ነው። ልጆቻቸውን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወልዴንም ጻፊው። የባለቤቴ አጎት ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው አጎት እንዳልነበራቸው መንደሩ ያውቃል። ግን በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ፊት ቆሜ ውሸት ነው ልበል? ጻፍኩ። በማግስቱ ልብስ ሰፊው አቶ ሀብቴ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «አማቼ እዚሁ ነው የሚያድረው። ወልዴ ይባላል» አሉ። እሱንም ጻፍኩ።

የራሴን ቤት መጨረሻ ላይ አስቀርቼው ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ጋሽ ወልዴን ጻፊ።»

«አባ፣ እሱ እኮ...»

«ሠራተኛችን ነው በይ። እንጨት አይፈልጥልንም እንዴ?»

«ሌሎቹም እኮ...»

«ስለ ሌላ ቤት አትንገሪኝ» አለና ፊቱን አዞረ። የሰው ቤት ያየሽውን ለሰው ቤት አታውሪ እያለ ነው ያሳደገን፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን መትረፊያም ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ስለ ቀበሌ ነገር አያወራም። ሦስቱም ቤቶች አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ እኔ ብቻ ነኝ የማድነው ብሎ፣ አንድን ሰው ደበቁ።

ጓድ ታደለ ግን ወረቀቶቹን አንድ ላይ ነው ያነበባቸው። ስኳርና ጤፍ በቀበሌ ካርድ፣ በቤተሰብ ብዛት የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር የታየው ነገር ሌላ ነው። «አንድ ወልዴ በሦስት ቤት! የሕዝብ ስኳር ሊበሉበት ነው?» አለኝ፣ አሁን ፈገግታ የለም። «አሻጥር» የምትለዋንም ቃል ተናገረ። አሻጥረኛ የተባለ ነጋዴ ሱቁ ይታሸጋል፣ ራሱም የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሦስቱ ቤተሰቦች ከነጋሽ ወልዴ እሑድ ጠዋት ቀበሌ እንዲቀርቡ ተጠሩ።

እስከ እሑድ ድረስ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እናቴ የታጠበ ሰሃን ደግማ ታጥባለች። አባቴ የተመዘነ ጨው መልሶ ይመዝናል።

እሑድ ዶፍ ይወርድ ነበር፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንጫጫ ጓድ ታደለ ለመሰማት መጮኽ ነበረበት። «ይህ ሰው የማን ቤተሰብ ነው?» አለ። አባቴ «የእኔ» ቢል ሁለቱን ጎረቤቶቹን ውሸታም ሊያደርግ ነው፤ «የእኔ አይደለም» ቢል ራሱ ሊሆን ነው። ሌሎቹም እንደዚያው። በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «የሁላችንም ነው» አሉ።

«ይህ ወረቀት ‹የሁላችንም› የሚባል ቦታ የለውም» አለ ጓድ ታደለ። ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ። «አባት፣ የት ነው የሚያድሩት?»

ጋሽ ወልዴ መዋሸት አያውቅበትም። «እንደ ነፋሱ ነው» አለ። «ከእንጦጦ ሲመጣ በብርቄ ግድግዳ፣ ከኮተቤ ሲመጣ በሱሩር፣ ዶፍ ሲሆን በሀብቴ።»

ጓድ ታደለ እስክሪብቶውን አነሳ። «እንግዲህ ቤት አልባ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ያን ጊዜ አባቴ ተነሳ። ሆዱን በአንድ እጁ ይዞ ነበር። «እኔ ቤት ነው የሚያድሩት፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት። ጎረቤቶቼ የጻፉት ለእሳቸው ካላቸው ፍቅር ነው፣ ለስኳር አይደለም። ለእሳቸው የሚደርሰውንም ስኳር አልወስድም» አለ። አባቴ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጁን ከማውጣት በስተቀር ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። እዚያው አጠገቡ ሄጄ ልይዘው ፈለግሁ። አልሄድኩም፤ ግን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ጓድ ታደለ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሱም ቢሆን ከበላዩ የሚጠይቀው ነበረበት። «ይሁን» አለ። «ግን ጋሽ ሱሩር፣ እኚህን ሰው አንድ ቀን ውጭ ተኝተው ካገኘኋቸው ሱቅዎ ይታሸጋል። እኔም አላድንዎትም።»

ጋሽ ወልዴ የዚያኑ ዕለት መጥረቢያውን ይዞ ገባ። ፍልሰታ ስላልተፈታ እናቴ ሽሮ ያለ ቅቤ ትሠራለት ጀመር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የክርስቲያኑን ጾም ሁሉ ከክርስቲያኑ ጎረቤት በላይ ዐወቀችው። ሥጋ የሚበላበት ጊዜ ሲመጣ የእኛን እርድ ስለማይበላ እትዬ ብርቄ ወጡን በሰሃን ከድነው ይልካሉ። አቶ ሀብቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፉለት። በጭነት መኪናው የተጫኑ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ ሰፈር፣ ከገበያው ዳር። እሱ አልተጫነም። መንደሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።

እሱ ግን አይተኛም። የእኔ መኝታ ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በጆንያዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ሲል እሰማው ነበር። ጠዋት ሳገኘው ዓይኑ ቀልቷል። «ቤት አለመልመድ ነው፣ ይለምደዋል» ይል ነበር አባቴ። ውጤቴ መጣ፣ ኮተቤ መምህርነት ተማርኩ፣ ማስተማር ጀመርኩ፤ ዓመታት አለፉ፤ ጋሽ ወልዴ አልለመደውም። ቅር ያለው ነገር እንዳለ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ቀበሌው ተዘጋ፤ ጓድ ታደለም የት እንደገባ ጠፋ። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ወልዴ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ፣ ዕቃ ቤቱን ጠርጎ ወጣና በግድግዳው ጥግ ተቀመጠ። አባቴ ተከትሎት ሮጠ፤ እኔም ከኋላው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምን አስቀየምንዎት?»

«ምንም። ምን ታስቀይሙኛላችሁ?»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

ጋሽ ወልዴ ቀና ብሎ አየው። «እንግዲህ ሱቅህን የሚያሽግ የለም፣ ሱሩር» አለ። ጋቢውን ተከናነበ፤ ከግድግዳው ተደግፎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እንደዚያ ሲተኛ አይቼው አላውቅም ነበር።

አባቴ እዚያው እንደቆመ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ያስጠለልነው እኛ መስሎን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮና አጣና ገዝቶ አናጢ አመጣና በመንገዱ በኩል ያለውን የቤታችንን ክፈፍ አስረዘመው፤ አናጢው «በዚህ በኩል ምን ያደርግላችኋል?» ቢለው ሚስማሩን አቀበለው። ጋሽ ወልዴ እዚያ ሥር ጥቂት ክረምቶች አደረ። ሲሞት ሦስቱ ቤቶች አንድ ድንኳን ተክለው ለቅሶ ተቀመጡ።

ልጆቼ ያንን ክፈፍ ሳሎኑን ያጨልማል፣ እናስቆርጠው ይሉኛል። እምቢ እንዳልኩ አለሁ። ትናንት ዝናቡ ሲጀምር ልጅቷ ትዝ ብላኝ ብወጣ ታብሌቷን በሹራቧ ጠቅልላ እዚያው ሥር ተጠልላለች።

«ማዘር፣ የረሱት ነገር አለ?» አለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ውጭ የሚያድር ሰው ስታገኙ፣ የት ማደር እንደሚፈልግ ራሱን ትጠይቁታላችሁ?»

ታብሌቷን ገልጣ በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አለች። «የለም፣ እንዲህ የሚል አልተካተተም» አለች፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

«በእኔም ጊዜ አልነበረም» አልኳት። እኔም ሆንኩ አባቴ፣ ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም ጋሽ ወልዴን ይህን አልጠየቅነውም። በጣም ስለወደድነው መጠየቅ የሚያስፈልግ አልመሰለንም።