እልልታችንን የዋጠው መንገድ

ትናንት ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ ስሄድ ታክሲው መኪና መሀል ተቸንክሮ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ «እማማ፣ ትንሽ ነው የሚታገሡት፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው። መውጫ መግቢያውም ይስተካከላል። ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ቤትዎ ነዎት!» አለኝ። ለደግ ብሎ ነው። እኔ ግን «ሊሰፋ ነው» ሲባል ዛሬም የማስበው እናቴን ነው።

አዲስ ሙሽራ ሳለሁ የእኔና የእናቴ ቤት እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ነበር። መሀላችን ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ በክረምት ጭቃዋ ጫማ ያስቀራል፣ ዳር ዳሯን በቆሎ ይጠበሳል። ያኔ በቆሎውም ይጣፍጥ ነበር፤ የዛሬው እንጨት ነው። ጨው ሲያልቅብኝ በሬ ላይ ቆሜ «እማዬ!» ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ መንገዷን ሊያሰፉ መጡ። አጥራችንን አነሱ፣ የእናቴን ጌሾ ነቀሉ። የሥራው አለቃ፣ «እትዬ፣ ጥቅሙ ለእርስዎ ነው፤ ከደጅዎ መኪና ይዘው መርካቶ መውረድ ነው» አላት።

«መርካቶ ምን አለኝ? እኔ የምሄደው ልጄ ቤት ነው። መኪናህ ማዶ ያሻግረኛል?»

ሳቀና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

ምጤ የመጣው መንገዱ ሰፍቶ፣ ገልባጭ መኪና ያለ ፋታ በሚያልፍበት ሰሞን ነው። እናቴ የጎረቤት ሴቶች ወደ ቤቴ ሲሮጡ ከማዶ አይታ ለገንፎው ቅቤ ይዛ ወጣች። ማን ያሳልፋት! ዳር ላይ ቆማ ቀረች። ልጄ ስትወለድ ጎረቤቶቼ ወገባቸውን በነጠላ እንዳሰሩ ደጅ ወጥተው፣ እናቴ እንድትሰማ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልልታውን አቀለጡት። የመኪናው ጩኸት ዋጠው። በለቅሶም ወገባችንን እንዲሁ ነው የምናስረው። እናቴ ያየችው እጃቸውን የዘረጉ፣ አፋቸውን የከፈቱ ሴቶች ነው። የሞትኩ መሰላት።

ቅቤውን ጥላ፣ ደረቷን እየደቃች መኪናው መሀል ገባች። የፍሬኑን ሲጥታ እኔ እንኳ ከተኛሁበት ሰማሁት።

«ልጄን! ልጄን!» እያለች ገባች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሴት ልጅ ናት እኮ! ደግሞ አንቺን ቁርጥ!» አለቻት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች። እናቴ አልሰማቻትም። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

መሬት ላይ ዝርግፍ አለች። ሕፃኗን ሲሰጧት አልተቀበለችም። «ቆዩ፣ እጥላታለሁ» አለች። ያቀፈቻት አመሻሽ ላይ ነው።

ትናንት የታክሲውን ጎልማሳ «ይስፋላችሁ» ብዬው ወረድኩ። መኪናው ይፈጥን ይሆናል፤ አልክድም። ጥቅሙን የሚያወሩት ግን ሁልጊዜ በመንገዱ የሚነጉዱት ናቸው፤ የሚሻገረውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። እናቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን እልልታ ሳትሰማ ቀርታለች። ያንን የትኛው ፍጥነት ይመልስልኛል?