የዶክጊን እናት ያመለጣቸው መርከብ

የመናኸሪያችንን ወለል መወልወል ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ድሮ በመስኮቱ ውስጥ ትኬት የሚቆርጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት መስኮቱ ተዘጋና በቦታው ማሽን ቆመ። ትንሽ ካመነቱበት የነካኩትን ሁሉ ያጠፋና ከመጀመሪያው ጀምሩ ይላል። ሽማግሌዎቹ እሱን ፈርተው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔም ከትምህርት ቤት የወጣሁት በልጅነቴ ነው፤ መወልወያ የያዘ ሰው አይቆጣም ብለው ይሆናል።

ከሁሉም የምቀርባቸው የዶክጊ እናት ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የገዛ ስማቸውን ከጤና ጣቢያው በቀር የሚጠራው የለም። ባላቸው ለዓሣ ወጥተው አልተመለሱም። ነጭ ሽንኩርት እየተከሉ፣ ከድንጋይ ላይ ዛጎል እየፈለፈሉ ያሳደጉት አንድ ልጅ ዶክጊ ነው፤ እሱም ባሕሩን መረጠና በትልቅ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ሆነ።

በየአምስት ቀኑ ለገበያ ሲመጡ፣ የመመለሻ አውቶቡሳቸው እስኪደርስ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ የሚጨስ መርከብ አሳየ።

«ማልሱን፣ ይሄ ቀይ ባሕር የሚሉት የት ነው?»

«ሩቅ ነው እማማ።»

«ሩቅማ ነው። የእኔ ልጅ ያለበት ሁሉ ሩቅ ነው።»

ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ፣ ለምን እንደሚተኩስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አይያዝልኝም። የገባኝ ይህ ብቻ ነው፦ የዶክጊ መርከብ አፍሪካን በታች ዞሮ ስለሚመጣ እናትየው ሁለት ሳምንት ጨምረው ይጠብቃሉ። እንዲህ እያለ ሳያዩት ሁለት ዓመት አለፋቸው።

የበጋው ሙቀት ሊሰበር ሲል ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ዶክጊ ደወለ! በዘጠነኛው ወር በሃያ ፑሳን ወደብ ይደርሳል። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቆመው። ትኬት ቁረጪልኝ።»

በእኛ አገር ቀን መቁጠሪያ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ የመንግሥት ነው፤ ከሥሩ ያለው ትንሹ የጨረቃ ነው። ልደትም የሙት መታሰቢያም በትንሹ ነው። ሽማግሌ ቀን ሲጠራልኝ እኔ ትንሹን ፈልጌ ወደ ትልቁ እመልስለታለሁ። የዚያን ቀንም እንደለመድኩት መለስኩና ከትልቁ ቁጥር አንድ ወር ዘግይቶ አገኘሁት።

«ገና ነው እማማ። የትኬቱ ሽያጭ አልተከፈተም። ሲከፈት እኔ እቆርጥልዎታለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «ትልቁን ቁጥር ብሎ ይሆን እንዴ?»

«ለእናቱ ሲናገር በጨረቃ ነው እንጂ በምን ይሆናል? ይሂዱ ይረፉ።»

ወገቤ ተይዞ ነበር፤ ወለሉም ገና ግማሹ ነበር። መልሼ መጠየቅ አቃተኝ። እሳቸውም መናኸሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ታውቃለች ብለው ሄዱ።

በትልቁ ቁጥር ዘጠነኛው ወር ሃያ በሆነ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእርሻ ጎማ ጫማቸውን ሳያወልቁ መናኸሪያው ውስጥ ገቡ። ስልካቸውን ቤት ትተው ነጭ ሽንኩርት ሲተክሉ ውለው፣ የልጃቸውን ጥሪ ያዩት ቤት ሲመለሱ ነበር።

«አናግሪው» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

«እናቴ ምን ሆነች?» አለ ዶክጊ። «ከጧት ጀምሮ ፑሳን መናኸሪያ ቆሜያለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርከቡ ላይ መሆን አለብኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከእኛ እስከ ፑሳን አራት ሰዓት ይፈጃል። ታክሲም ቢያዝ አይደረስም።

ሌላ የማደርገው ስላልነበረ በእኔ ስልክ በምስል ደወልኩለት። ፊቱ ሲመጣ እናትየው በጭቃ ጣታቸው ጉንጩን ነኩ፤ ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቀኑን ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ። ረሳሽው?»

«ረሳሁት ልጄ። አርጅቻለሁ» አሉ፤ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ።

ዶክጊም «እንግዲያው ብቻሽን መኖር ይብቃሽ» አለ። «የአረጋውያን ማቆያውን ወረቀት ዛሬ እልካለሁ። እዚያ የሚጠብቅሽ ሰው አለ።»

አምና ጎረቤታቸው ማቆያ ገብተው ነበር። በወሩ በራቸው በሰንሰለት ተቆለፈ፤ ማሳቸውን አረም ዋጠው። የዶክጊ እናት ይህን በየቀኑ ያያሉ። አሁን ግን ቀኑን ማን እንዳሳሳታቸው አላወጡም።

እኔም ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ትልቁ ቁጥር ይሆን ብለው ጠይቀውኛል። በጨረቃ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ለእሷ ብለው ነው እንዲህ የሚሉት።»

«ለማንም ብዬ አልዋሽም። መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝና የዶክጊ እናት ስልኩን ነጠቁኝ። «ስማ! የተወለድክበትን ቀን ልንገርህ? በአሥራ አንደኛው ወር በሰባት፣ በጨረቃ! በረዶው በር ዘግቶ አዋላጇ በመስኮት ገብታ ነው ያወጣችህ። በመጀመሪያ ደመወዝህ ለማን ጫማ እንደገዛህም አልረሳሁም። እዚህ ሰው ፊት ልናገር?»

«ኧረ ተይ እማዬ!»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። ዶክጊም ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ።

«እሺ። ወረቀቱ ይቆይ። ስመለስ እናየዋለን።»

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«የቀይ ባሕሩ ነገር ከበረደ በሰባት ወር። ካልበረደ እንጃ።»

ከዚያ የሚሄድበት ሰዓት ደረሰ። የዶክጊ እናት ምስሉ የጠፋውን ስልክ በቀሚሳቸው ጠርገው መለሱልኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ልጄ ሸብቷል፤ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማቆያ ሲለኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ሌላ ሁለት ዓመት ሳላየው ብቀር ይሻለኛል፣ ብቻ ቤቴን አይዝጋብኝ አልኩ። እናት እንዲህ ታስባለች?»

የመንደራቸው አውቶቡስ ገባ፤ ክንዳቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው።