ገብስ የናቀች ምራት

ሁዳ ጅዳ ሳለች የአሠሪዎቿን ሩዝ ስትበላ ኖራ ደህና ሆና ነበር የተመለሰችው። መካነ ሰላም ላይ ሙሐሲንን አግብታ ከአማቷ ግቢ ከገባች ወዲህ ግን ፊቷ ገረጣ፤ ፀጉሯ ረገፈ፤ አጥንቷን ይቆረጥማት ጀመር። አፏ ከቁስል አይጠራም። ሁለት ጊዜ አስወረዳት። ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር "ደም ማነስ ነው" ብለው ኪኒን ይሰጧታል። ተቅማጥ ስለሌላት አንጀቷን የጠረጠረ አልነበረም።

አማቷ እቴቴ ፈይዛ እንድትጠና ብለው የገብስ ገንፎ ያገነፉላታል። አክብራቸው ትበላለች፤ በበላች ቁጥር ይብስባታል።

በመጨረሻ ደሴ ያለ ሐኪም ደሟን አስመርምሮ፣ አንጀቷንም በካሜራ አይቶ፣ "ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ አንጀትሽን እየጎዱት ነው፤ የምትበይው ለሰውነትሽ አይደርስም። ጤፍ ብይ፤ እነሱን ግን ቅንጣት እንዳትቀምሺ" አላት።

ገብስ በተወች በወራት ውስጥ ቁስሉ ደረቀ። ፀነሰች።

ከዚያ አንድ ጠዋት አፏ እንደገና ቆሳስሎ ነቃች። በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እቴቴ ከጎረቤታቸው ከፈርሂያ ጋር ተቀምጠዋል።

"እቴቴ፣ የእንጀራው ሊጥ ውስጥ ምን ገባ?"

"ጤፉ ሳይፈጭ ትንሽ ገብስ ጣል አድርጌበታለሁ። እርጉዝ በጤፍ ብቻ ትጠናለች እንዴ?"

"ይቺ የአረብ ሆድ!" ፈርሂያ ሳቀች። "ሩዝ ለምዳ የኛን ገብስ ናቀች።"

"ስንት ጊዜ ነገርኩዎት?"

"ስድስት ልጅ የወለድኩት በገብስ ነው!"

"እኔም ሁለት ያጣሁት በገብስ ነው!"

ሙሐሲን ከበር ብቅ አለ። "ሁዲ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ወፍጮ ቤት ያስፈጨኸው አንተ ነህ። ገብስ እንዳለበት ታውቅ ነበር?"

"እማ ለጤናሽ ነው ብላኝ..."

አላስጨረሰችውም። ቡሃቃውን ታቅፋ ወጣችና ሊጡን አጥሩ ሥር ገለበጠችው።

"ያ አላህ! እህል ይደፋል?" እቴቴ ራሳቸውን ያዙ።

"ልጄ ከሚደፋ ይደፋ!" ባዶውን ቡሃቃ ለሙሐሲን አስታቀፈችው። "እጠበው። ቀጥሎ ጤፍ ታስፈጫለህ፤ አጠገብህ ቆሜ አያለሁ።"

ሙሐሲን እናቱን አየ፤ ሚስቱን አየ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያሰገጉትን ጎረቤቶችም አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ማጠብ ጀመረ።

"ጠርዙን ደህና አድርገህ እሸው" አለችው ሁዳ።