የጣቢያው ትንሽ በር

ማለዳ የሰው ቤት አትሂዱ፤ መንዝ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። እኔ የአዲስ አበባን የድሮ ባቡር ጣቢያ ታሪክ እጽፋለሁ ብዬ፣ ማታ መንዝ ገብቼ አድሬ፣ ገና ጎህ ሲቀድ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ተገተርኩ። የላከኝ የጣቢያው ዘበኛ ደምሴ ነው። «አባቴ እዚያ ሲሠራ ነው ያረጀው፤ እያንዳንዱን ክፍል ያውቃል» ብሎኝ።

እናቱ ገና ሲያዩኝ ነጠላቸውን ጥለው «ወየው ልጄን!» ብለው ጮኹ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። የዚያው አገር ሰው ሆኜ ይህን መርሳቴ!

«ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተም! ትናንት ጠዋት ከደምሴ ጋር ነበርኩ» ብዬ፣ ምዬ ተገዝቼ አረጋጋኋቸው።

አባትየው የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተው ወጡና፣ በከዘራቸው ጣቢያውን መሬት ላይ ነደፉልኝ። «ይኼ ትኬት መቁረጫው ነው፤ ይኼ መንገደኛ የሚጠብቅበት። ሐዲዱ በዚህ ይገባል። በዚህች ትንሽ በር ደግሞ ባቡር ላይ የሞተ ሰው ሬሳ ይወጣባት ነበር። ኋላ እኔ እያለሁ በግንብ ተደፈነች።»

በሯን አወቅኋት። «የለም አባቴ፣ ክፍት ናት። ትናንት ደምሴ ተሰናብቶኝ የወጣው በእሷ ነው።»

ከዘራቸው መሬቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ከኋላዬ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ሦስት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።