ከራስ ኪስ የሚወጣ ሽልማት

ሮንዳ ቩኮቪች በአሜሪካዋ ኢሪ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ሽልማት የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከባድ በረዶ አርባ ሕፃናትን በሰላም ቤታቸው ስላደረሰች፣ መሥሪያ ቤቱ ቁራጭ ኬክ ሰጥቷታል። በሚያዝያ ግን ልጇን ቴሳን የተቀበላት ኮሌጅ «እንኳን ደስ ያላችሁ! የሃምሳ ሁለት ሺህ ዶላር ሽልማት ተሰጥቷችኋል» ብሎ ጻፈ።

የዓመቱ ወጪ፣ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም ተደምሮ፣ ሃምሳ ሁለት ሺህ ነው። ከደብዳቤው ግርጌ በደማቅ አረንጓዴ «ቀሪ ክፍያ፦ ዜሮ» ይላል።

«እማዬ፣ በነፃ ልማር ነው እኮ» አለች ቴሳ።

ሮንዳ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ግን ጎማና ፍሬን ሳታይ አውቶቡስ የማታንቀሳቅስ ሴት ናትና፣ በማግስቱ ደብዳቤውን አሳትማ ወደ ሾፌሮቹ ማረፊያ ክፍል ይዛው ሄደች። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ዴልበርት መነጽሩን ሰክቶ አነበበላት።

«ሃያ አንዱ ሺህ እርዳታ ነው፤ እሱን ማንም መልሺ አይልሽም። አምስት ሺህ አምስት መቶው ቴሳ የምትበደረው ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶው ደግሞ እዚያው ሥራ ተሰጥቷት ሠርታ የምታገኘው ደሞዝ።»

«ሠርታ የምታገኘውን ነው የሸለሟት?»

«ደግ ሰዎች ናቸው። ሃያ ሦስት ሺው ያንቺ ነው።»

«የኔ ምን?»

«ያንቺ ብድር። እኔ የልጄን ገና እየከፈልኩ ነው፤ እሱ አሁን መላጣ ሆኗል።»

ሮንዳ እርዳታውን ትታ የቀረውን ደመረችው። ሠላሳ አንድ ሺህ መጣ። የዓመት ደሞዟ፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ ልክ ይኸው ነው። ኮሌጁ አራት ዓመት ሳትበላ ሳትጠጣ እንድትነዳ በክብር ጋብዟታል።

ወደ ኮሌጁ ስልክ ደወለች። ያነሳው ኮርትላንድ የተባለ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነበር።

«ይሄ ሃያ ሦስት ሺህ ብድር ነው?»

«እኛ የቤተሰብ አስተዋፅኦ አማራጭ ነው የምንለው፣ ወይዘሮ ቩኮቪች።»

«ይመለሳል?»

«ተመላሽነት አለው።»

«ከነወለዱ?»

«ከነወለዱ።»

«እንግዲያው ባንኩም ቤቴን ሸልሞኛል ማለት ነዋ።»

ኮርትላንድ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስሌቱ የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ገቢ መሆኑን ነገራት። ያኔ ባሏ ስቲቭ በሕይወት ነበር፤ ደሞዝም ያመጣ ነበር። «ይህን ጽፈው ይላኩልን» አላት።

ሮንዳ የሞት ምስክር ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ ላከች። ያን ቀን ሥራ ላይ አልተጫወተችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮሌጁ በስቲቭ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ገልጾ እርዳታው ላይ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር ጨመረ።

«አባትሽን በዚህ ነው የገመቱት» አለች ሮንዳ ወረቀቱን ለቴሳ እያቀበለች። «አትሄጂም። እዚሁ ከተማ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ የሚጠይቀንን እንችላለን።»

«ጓደኞቼ በሙሉ ሊሄዱ ነው።»

«ጓደኞችሽ ደብዳቤያቸውን አንብበውታል?»

ቴሳ አንድ ሳምንት እናቷን አላናገረችም። በስምንተኛው ቀን ደብዳቤያቸውን የያዙ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ መጣችና ወጥ ቤት አስቀመጠቻቸው። እስክሪብቶ አንስታ የመጀመሪያዋን ደብዳቤ መስመር በመስመር አስረዳቻት፤ ይሄ እርዳታ ነው፣ ይሄ ያንቺ ዕዳ ነው፣ ይሄ የእናትሽ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ሌላዋ ግን የእሷ ኮሌጅ እንዲህ እንደማያደርግ ተናግራ ወረቀቷን ሳታሳይ ሄደች።

በነሐሴ መጨረሻ ቴሳ እዚያው ከተማ ትምህርት ጀመረች። ከሩቅ የሚመጡትን የጓደኞቿን ፎቶዎች ስታይ አሁንም ታኮርፋለች። ሮንዳም አይታ እንዳላየች ታልፋታለች።