በካርቲያኒ ባልዲ የረጋው ወተት

ካርቲያኒ የኩሩቪላን የጎማ ዛፎች መብጣት የጀመረችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ገና ሳይነጋ ልጣጩን በቢላዋ ትበጣለች፤ ፀሐይ ሳይከር ደግሞ ከዛፉ ፈስሶ በኮኮናት ቅርፊት የተጠራቀመውን፣ ጎማ የሚሠራበትን ነጭ ወተት በባልዲ ሰብስባ ታስረክባለች። በእኛ አገር ወተቱ የባለዛፉ ነው። ረግቶ የቀረው ግን የበጪዋ ነው።

ስለዚህ በዚያ ክረምት ወተቱ ገና ከዛፉ ሥር ሳይነሳ ባልዲው ውስጥ መርጋት ሲጀምር፣ ኩሩቪላ ማንን እንደሚጠረጥር አላመነታም። አንድ ጠዋት አድፍጦ ጠበቃት። ጎንበስ ብላ የመቀነቷን ቋጠሮ ስትፈታ እጇን ያዘ። ጨው ነበር።

«ለአልቅት ነው ጋሼ፤ ስነሰንስበት ይለቀኛል። እግሬን ይዩት።»

«አልቅቱ ባልዲ ውስጥ ነው የገባው?»

እቤቱ ደጃፍ ድረስ ነድቶ ወሰዳትና ቢላዋውን አስረክበሽ ሂጂ አላት። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ቢላዋውን አልሰጠችም፤ ከጨዉ ቆንጥሮ በአንድ ሲኒ ወተት ላይ እንዲያደርግ ለመነችው። አደረገ፤ አማሰለ። ወተቱ ወተት ሆኖ ቀረ። ይህም አላሳመነውም፤ ሌላ የደበቀችው ነገር እንዳለ፣ ባልዲው ራሱ ምን እንደነካው ጠየቃት።

ሚስቱ ኤሊያማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ባልዲውንስ አትንኩብኝ፤ እኔ ነኝ የማጥበው። የጉድጓዱ ውሃ ከደፈረሰ ወዲህ ደግሞ ውሃ የማጠራበትን ሸብ የማሟሟው እሱ ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጥራ?»

ኩሩቪላ ሸብ አስመጣ። ከጨዉ ያነሰ ቁንጣሪ ሌላ ሲኒ ውስጥ ጣለ። ወተቱ ወዲያው እንደ አይብ ተቋጠረ።

በወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፉት የጎማ ቅንጣቶች ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ የማይጣበቁትም ለዚህ ነው። ከጨው የሚወጣው የሶዲየም አዮን አንድ አዎንታዊ ሙል ብቻ ስላለው፣ ይህን መገፋፋት ለማክሸፍ ጨው በብዛት ያስፈልጋል። ከሸብ የሚወጣው የአሉሚኒየም አዮን ግን ሦስት ሙል አለው፤ ጉልበቱም በሦስት እጥፍ ብቻ ሳይሆን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። የደፈረሰውን ውሃ የሚያጠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ኩሩቪላ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

«ነገ ነይ» አላት ካርቲያኒን። «ግን ስትገቢ ቋጠሮሽን ታሳዪኛለሽ።»

«አሳይዎታለሁ ጋሼ። እርስዎም ሸቡ የት እንዳደረ ያሳዩኛል።»

በማግስቱ ዛፎቹን የበጣችው እሷው ነበረች።